ጀርባዋን ለፀሐይ የሰጠችው

«ሬዲዮ፣ የባትሪውን ክፍል ጨርሻለሁ ብለህ ንገራት።»

«ሬዲዮ፣ ሰምቻለሁ በለው። ጆሮ አለኝ።»

ሬዲዮ የተባለው ልጅ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ አንገቱን ወዲህና ወዲያ ያዞራል። ይህን ቅጽል ስም ያወጡለት የሳተላይቷን የግንኙነት ክፍል ስለሚሠራ ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ወሬ ካገኘ ሳያሰራጭ ስለማያድር ነው። ዛሬ እሱንም ወሬው መሮታል። «እኔ እዚህ የገባሁት ሰማይን ከምድር ላገናኝ ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎችን ላገናኝ አይደለም» አለና ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። የቤተ ሙከራው በር ሲዘጋ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ባለፈው ወር ቢሆን ይህ በር እንዲዘጋላቸው ስንት ሰበብ ይፈልጉ ነበር! አሁን ግን እሷ ኮምፒውተሯ ላይ፣ እሱም ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጠው፣ ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ይጠባበቃሉ።

እሷን «አብራሪዋ» ይሏታል። ሳተላይቷ ወዴት እንደምትዞር የሚወስነውን ኮድ የምትጽፈው እሷ ናት። እሱ «ቆጣቢው» ነው፤ ባትሪውንና የፀሐይ ብርሃን መቀበያውን የሚቆጣጠረው ክፍል የእሱ ነው። ሬዲዮ አንዲት ትርፍ መልእክት ልላክ ባለ ቁጥር «ባትሪ ትጨርሳለህ!» እያለ ስለሚጮህበት ስሙ ተስማምቶታል። ሦስቱም የመጨረሻ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው፤ በተማሪዎች የጠፈር ሶፍትዌር ውድድርም ለመጨረሻው ዙር ደርሰዋል።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ዳኞቹ በኮምፒውተር ውስጥ አንዲት ምናባዊ ሳተላይት ያዘጋጃሉ፤ ተማሪዎቹ አእምሮዋን ይጽፉላታል። ከዚያ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ትለቀቃለች። ከምድር ጥላ ስትወጣ ማንም ሳይረዳት ፀሐይን ፈልጋ፣ ወደ እሷ ዞራ፣ ባትሪዋን ሞልታ መትረፍ አለባት። ያሸነፈ ቡድን ለአንድ ዓመት ያህል በከተማው የጠፈር ማዕከል አብሮ ይሠራል።

ለሬዲዮ ይህ ሽልማት ሥራ ማለት ነው። ለአብራሪዋና ለቆጣቢው ግን ከዚያም በላይ ነው። የአብራሪዋ አባት፣ በከተማው ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙዎቹን የሠሩት ኢንጂነር፣ ቁርጡን ነግረዋታል፤ «ካሸነፍሽ ማዕከሉ ትገቢያለሽ። ካልሆነ ግን ባሕር ማዶ ወንድምሽ ጋ ሄደሽ ሌላ ትምህርት ትጀምሪያለሽ።» የኢንጂነሩ ቃል እንደ ሲሚንቶ ነው፤ አንዴ ከደረቀ የሚሰብረው የለም፤ ቢያንስ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያምነው እንዲህ ነበር።

ቆጣቢው ደግሞ የኢንጂነሩ ሾፌር ልጅ ነው።

አባቱ እሱ ሳይወለድ ጀምሮ የዚያን ቤት መኪና ሲነዱ ኖረዋል። አብራሪዋን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ትምህርት ቤት ያመላለሷት እሳቸው ናቸው፤ «ጋሼ» እያለች ነው ያደገችው። ልጃቸውን ግን ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው። በቡድኑ ውስጥ አንድ ልማድ አላቸው፤ የአንዱን ኮድ ሌላው ጮክ ብሎ ሳያነብለት አይገባም። እሱ ያነባል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። አንድ ቀን እያነበበ ሳለ በድንገት ዓይኗን ገለጠች። የት ጋ እንደደረሰ ጠፋው። «ቀጥል እንጂ» አለችው። «ከየት?» አላት። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ድሮው ሆነው ማንበብ አልቻሉም።

ያጣላቸው ነገር የተፈጠረው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነው። ዝናብ ያካፋ ነበር። እሱ የእሷን ቦርሳ በአንድ ትከሻው አንግቶ፣ በሌላው እጁ ጃንጥላ ይዞላት ይወጣሉ። አንዲት ነጭ መኪና አጠገባቸው ቆመችና መስኮቷ ወረደ። አክስቷ ነበረች።

«ነይ ግቢ፣ በሰበስሽ እኮ! ይሄ ደግሞ ማነው?»

አብራሪዋ ቦርሳዋን ከትከሻው ላይ ቶሎ ወሰደች። «የሾፌራችን ልጅ ነው» አለች። ገባች፤ መኪናዋም ሄደች።

ሐሰት አልተናገረችም። እሱን ያቃጠለውም ይኸው ነው። ጃንጥላውን ይዞ እዚያው ቆመ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ጃንጥላውን አላጠፈውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሬዲዮ በኩል ካልሆነ አላናገራትም። እሷ በምን እንዳስቀየመችው ብትጠይቅ «ምንም» ይላታል። የወንድ ልጅ «ምንም» ደግሞ፣ ያየ ያውቀዋል፣ በር ቆልፎ ቁልፉን መዋጥ ማለት ነው።

እንግዲህ ሬዲዮ ጥሏቸው በወጣበት በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ ቀድማ ቀና ያለችው እሷ ናት።

«ያንተ ቀስት የተገለበጠ ነው» አለችው።

«የቱ ቀስት?»

«የፀሐዩ። የኔ ኮድ የሚጠብቀው ከሳተላይቷ ወደ ፀሐይ የሚያመለክት ነው። አንተ ከፀሐይ ወደ ሳተላይቷ ነው ያደረግከው። ስናገናኘው ጀርባዋን ትሰጣለች።»

«ብርሃን የሚመጣው ከፀሐይ ነው። እኔ የጻፍኩት ያየሁትን ነው።»

«የምትዞረው ግን እሷ ናት! ወዴት ልዙር ብላ ስትጠይቅህ ከየት እንደመጣ አይደለም የምትነግራት።»

«እንግዲያው አንቺ ገልብጪው። አንዲት የመቀነስ ምልክት ናት።»

«ለምን እኔ? አንተስ ብትገለብጠው ምን ትሆናለህ?»

ቆጣቢው ላፕቶፑን ዘጋ። «ልክ ነሽ። የሾፌር ልጅ ነኝ፤ መታዘዝ ያለብኝ እኔ ነኝ» አላት።

አብራሪዋ ያን ዝናባማ ቀን አስታወሰች፤ የፊቱ መለወጥና የ«ምንም» ትርጉም አሁን ገባት። ልትጠራው ስትል ደረጃውን እየወረደ ነበር። ባዶው ወንበር ላይ ዓይኗን ተክላ ቀረች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም።

*

በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። ኮዱ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ክፍል በራሱ ስም ይልካል፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የሚነካ ነገር የለም።

ቆጣቢው ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ይተክዛል። አባቱ የሥራ ሸሚዛቸውን እየተኮሱ ነው። ሾፌር የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሶ መሪ አይጨብጥም የሚሉ ሰው ናቸው።

«ያቺ ልጅ ትናንት በመንገዱ ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም» አሉ ካውያውን ሳያቆሙ። «ሌላ ጊዜ ጆሮዬን ነው የምትበላው።»

«ደክሟት ይሆናል።»

«እያለቀሰች የደከማት ሰው አላየሁም።» ሸሚዙን ገለበጡና ሌላኛውን እጅጌ ያዙ። «ልጄ፣ የኔ ዓይን መንገድ ላይ ነው። መስተዋት ግን አለኝ። ምንም አልጠየቅኩህም፣ አልጠይቅህምም። እኔ ስለምነዳው መኪና ብለህ ግን ሰው እንዳትበድል።»

«እያለቀሰች» የሚለው ቃል ከቆጣቢው ጆሮ አልወጣም። ትናንት የወረወረው ንግግር ትዝ ሲለው ፊቱ ጋለ። ምን ነካኝ? አለ ለራሱ። አንዲት ምልክት ናት፤ ልሸነፍላትና ይለይልኝ!

ኮዱን ከፈተና ቀስቱ በተጻፈበት መስመር ፊት የመቀነስ ምልክት ጨመረ። ባለፈው የሰጠችውን የእሷን ክፍል ከራሱ ጋር አገናኝቶ ሞከረው። ሳተላይቷ ዞረች፣ ፀሐይን አገኘች፣ ባትሪዋ ሞላ። እሰይ! ሰዓቱ ሳያልፍ፣ እንደ ልማዳቸው ማንም ሳያነብለት ላከው። ስልኩን አንሥቶ ሊደውልላት ቃጣውና ተወው። ነገ አዳራሹ ውስጥ፣ ሁሉም ሰው ፊት፣ ሳተላይቷ ወደ ፀሐይ ስትዞር ራሷ ትረዳዋለች። ያኔ ዞር ብላ ታየዋለች። ያን አንድ እይታ እያሰበ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል አለው።

*

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሬዲዮ እንደ ሁልጊዜው መሐል ተቀምጧል፤ ግራና ቀኙ ግን ዛሬም አይተያዩም። በሁለቱም ከንፈር ላይ አንድ የተደበቀ ፈገግታ አለ። ሬዲዮ ይህን አይቶ፣ «ምን ሆናችኋል? የምታውቁትን ንገሩኝ እንጂ» አለ። ሁለቱም እኩል «ምንም» አሉት።

ተራቸው ደረሰ። በትልቁ ስክሪን ላይ ሳተላይቷ ታየች፤ አጠገቧ የባትሪዋን መጠን የሚያሳይ አረንጓዴ መስመር አለ። ከምድር ጥላ ወጣች። የመጀመሪያዋ መልእክት ደረሰች፤ ሰው አጨበጨበ፤ ሬዲዮ ከመቀመጫው ሊነሣ ምንም አልቀረው። ከዚያ መዞር ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ አንዲት ጥፋት ሳይገኝባት ዞረችና፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ቀጥ ብላ ቆመች።

እንዲያ አምሮበት የተሳሳተ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

አረንጓዴው መስመር ማጠር ጀመረ። ቢጫ ሆነ። «ምን እየሆነ ነው?» አለ ሬዲዮ በሹክሹክታ። ቀይ ሆነ። ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ፤ ምናባዊዋ ሳተላይት ምድርን እየዞረች፣ በድን ሆና ቀረች።

የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ ፀጉሯ ሽበት ያለበት ሴት፣ ኮዱን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።

«የፀሐዩን አቅጣጫ የጻፈው ማነው?»

ቆጣቢው ተነሣ። «እኔ ነኝ። የኔ ቀስት ከእሷ ጋር አይገጥምም ነበር። ትናንት ገልብጬዋለሁ። ስሞክረው ሠርቶ ነበር።»

ከሬዲዮ ወዲያ ማዶ ሌላ ወንበር ተንቋቋ። አብራሪዋ ቆማለች። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«እኔም ገልብጬዋለሁ» አለች። «በኔ በኩል ያለውን። ትናንት። ስሞክረው... ሠርቶ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ተማሪዎች ናቸው፤ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ሁለቱም አንድ አንድ የመቀነስ ምልክት ጨምረው፣ አንዱ ሌላውን አጥፍቶት፣ ቀስቱ ዞሮ ዞሮ ወደ ነበረበት ተመልሷል። እያንዳንዳቸው ሲሞክሩት የሠራው በእጃቸው ያለው የሌላው የድሮ ኮድ ስለነበረ ነው። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም።

«ሁለታችሁም ለጓደኛችሁ ብላችሁ ለቀቃችሁ» አለች። «ከሁለት አንዳችሁ ግትር ብትሆኑ ዛሬ ታሸንፉ ነበር። ምነው ልጆቼ፣ አንድ ቃል ብትነጋገሩ?»

ቆጣቢው ዞር ብሎ አያት። እሷም እያየችው ነበር። ሲጠብቀው የነበረው ያ እይታ ይኸው መጣ። ውስጡ ያለው ፍቅር አላነሰም፤ እንዲያውም ከጠበቀው በላይ ነበር፤ ግን ምን ያደርጋል!

*

ከአዳራሹ ጀርባ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች የሚከመሩበት ደረጃ ላይ አገኛት። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለምን ገለበጥሽው?»

«አንተስ ለምን ገለበጥከው?»

«ይቅርታ ልልሽ።»

«እኔም ይቅርታ ልልህ ነበር» አለችና ሳቋ መጣ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቆርጦ ልቅሶ ሆነ። «ያን ቀን አክስቴ ስትጠይቀኝ... አፏ አያርፍም እኮ! ጓደኛዬ ነው ብላት በዚያው ቀን ዳዲ ጆሮ ይገባል። ዳዲ ደግሞ ጋሼን ቢያሰናብታቸውስ? በኔ ምክንያት አባትህ ቁልፍ አስረክበው ሲወጡ ታየኝ። እሱን ሳስብ ከአፌ የወጣው ያ ሆነ።»

«እኔ ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ባንተ? እኔ ባንተ?» እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። «ኮድ ስታነብልኝ ዓይኔን የምጨፍነው ስህተት ልፈልግ ይመስልሃል? ስህተቱንስ ድሮ አግኝቼው ነበር። ድምፅህን ለመስማት ነው።»

ቆጣቢው አንገቱን ደፋ። ከዚህ በኋላ የጠፈር ማዕከሉ የለም። የጋራ ዓመታቸው የለም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ቅሪ በለኝ» አለችው በድንገት።

«ምን?»

«ቅሪ በለኝ። አንድ ጊዜ በለኝ። ዳዲን ፊት ለፊት እጋፈጠዋለሁ፤ የመጣው ይምጣ። ብቻ አንተ ከአፍህ አውጣው።»

በደረጃው ትንሽ መስኮት በኩል መኪና ማቆሚያው ይታያል። አባቱ መኪናዋን ተደግፈው፣ እሷን ለመውሰድ እየጠበቁ ነው። ኮሌታቸው እንደ ተለመደው ቀጥ ብሏል። ቆጣቢው አያቸው። እሷን አያት። እሷን ቅሪ ብሎ ወዴት ሊወስዳት ነው? ምን ይዞ? እኔ ስወዳት እንቅፋት ልሁንባት? ነገ ተጸጽታ ብትጠላኝስ? ልቡ «ቅሪ» እያለ ይጮሃል። ይህን ጩኸት እሷ ብትሰማው ኖሮ...

«ሂጂ» አላት።

«ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው። ይሄን ዕድል በሕልማችን እንኳ የማናገኝ አለን። ሂጂ።»

ብዙ አየችው። አንዲት ቃል እንዲጨምር ጠበቀች። አልጨመረም። እሱ «ቅሪ» የሚለውን ቃል በልቡ ያዘ፤ እሷም የመቅረት ፍላጎቷን በልቧ ያዘች።

«እሺ» አለች። «አንተ ካልክ።»

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህ ልጆች ዳኛዋ ፊት የተማሩትን ትምህርት ለመርሳት የፈጀባቸው ከአዳራሹ እስከ ደረጃው ያለው መንገድ ብቻ ነው። እሱ ለእሷ ብሎ ለቀቀ፤ እሷም ለእሱ ብላ ለቀቀች። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እንኳ እያንዳንዳቸው ሌላው የፈለገውን ያደረጉለት ይመስላቸው ነበር።

*

የምትሄድበት ቀን ኢንጂነሩ ሾፌራቸውን «ሻንጣው ብዙ ነው፣ ልጅህን ይዘኸው ና» አሏቸው። ቆጣቢው አልሄድም ሊል ነበር፤ ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ሊያያት መሆኑን አሰበና ከአባቱ ጎን ተቀመጠ። እሷ ከአባቷ ጋር ከኋላ። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ እሷና ቆጣቢው በመስተዋቱ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ሾፌሩ ይህን አዩና መስተዋቱን ነካ አድርገው፣ ልጆቹ እንዲተያዩ፣ ወደ ልጃቸው ዘንበል አደረጉት። ከኋላቸው ያለውን መንገድ ሳያዩ ነው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው የነዱት።

በሩ ላይ ጋሼን ጉልበታቸው ድረስ ዝቅ ብላ ሳመቻቸው። «ኧረ ተነሺ የኔ ልጅ፣ ተነሺ» አሉ እያነሷት። ለቆጣቢው እጇን ዘረጋችለት። ጨበጣት። አባቷ ቆመው ነበርና የተባባሉት ነገር «ደህና ሁን»፣ «ደህና ግቢ» ብቻ ነው። እጇ ከእጁ ሲወጣ አንድም ጣቷ አልቸኮለም።

ሲመለሱ፣ ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ ከኋላ ወንበር ኢንጂነሩ ተነፈሱ።

«ቤቱ ሊበላኝ ነው» አሉ። «ታውቃለህ፣ ያን ውድድር የተሸነፉ ዕለት ክፍሌ መጥታ "ዳዲ፣ ብቀርስ?" አለችኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏት ኢንጂነር?»

«ሁላችሁም ድንጋይ ነኝ ብላችሁ ነው የምታስቡት።» ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። «አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችኝ። "ቅሪ የሚልሽ ሰው ካለ አምጪው። የማንም ልጅ ይሁን፣ አምጪውና ቲኬቱን እኔ ራሴ እቀደዋለሁ" አልኳት።»

ሾፌሩ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። ከፊት ያለው መንገድ ባዶ ነበር።

«እሷስ?»

«አለቀሰች። "ነበረ" አለችኝ። "ሂጂ ነው ያለኝ፤ ከልቤ ነው አለኝ" አለች። ማን እንደሆነ ብለምናት አልነገረችኝም።» ኢንጂነሩ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ። «እኔ ግን እስካሁን አልገባኝም። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ እንደዚያ የምትወደውን ልጅ ሂጂ የሚል?»

ቆጣቢው ግንባሩን በጎኑ ባለው መስኮት ላይ አሳረፈ። አፉን በእጁ ቢያፍንም ትከሻው ግን እሺ አላለውም።

«ልጁን ምን ነካው?» አሉ ኢንጂነሩ።

ሾፌሩ አንድ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥተው የልጃቸውን ጉልበት ያዙ።

«ጉንፋን ነው ኢንጂነር» አሉ። «ጉንፋን ይዞት ነው።»

«አይ የዘንድሮ ጉንፋን! ትኩስ ነገር ይጠጣ።»

«እሺ ኢንጂነር» አሉ ሾፌሩ፤ ይህን ሲሉ ግን የእሳቸውም ጉንጭ ርሶ ነበር።